የማጣሪያ ውድድርን ከመጨረሻው መስመር ማንበብ፦ ለሴቶች ሆኪ ተከታታዮች

ብዙ ሰው የማጣሪያ ውድድርን እንደ ዋንጫ ውድድር ይከታተላል። የምድብ ጨዋታዎችን በግማሽ ልብ ያያል፣ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ይነቃል፣ ለፍጻሜው ቀን ሌላውን ሥራ ሁሉ አስቀምጦ ይጠብቃል። ለዋንጫ ይህ ጥሩ ነው። ማጣሪያ ላይ ግን ዓይንን ያለ ቦታው መትከል ነው። ብዙ ጊዜ ለማጣሪያው ፍጻሜ የሚደርሱት ሁለት ቡድኖች የመጡበትን ጉዳይ ጨርሰዋል። ልብ የሚያንጠለጥለው የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ ነው፤ ያሸነፈ ወደ ዋናው ውድድር ይሄዳል፣ የተሸነፈ አራት ዓመት ይጠብቃል።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማንኛውንም ሰነድ ከመጨረሻው መስመር ጀምሬ ወደ ላይ የማንበብ ልማድ አለኝ። የሴቶች የሜዳ ሆኪ ማጣሪያንም የምከታተለው እንዲሁ ነው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ቦታውን ቁጠሩ

ማንም ኳስ ሳይመታ በደብተራችሁ ራስጌ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ በዋናው ውድድር የሚሳተፉት ቡድኖች ስንት ናቸው? ከዚህ ማጣሪያ የሚያልፉትስ? እነዚህን ሳያውቁ ማጣሪያ የሚያዩ ሰዎች ጎል ሲቆጠር ይጮሃሉ እንጂ ጎሉ ምን እንዳመጣ አይገባቸውም።

የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክን እንውሰድ። በሴቶች ሆኪ 12 ቡድኖች ተሳተፉ። ፈረንሳይ በአዘጋጅነት አንድ ቦታ ነበራት። አምስቱን ደግሞ የአህጉር አሸናፊዎች ወሰዱ፦ ከአውሮፓ ኔዘርላንድስ፣ ከአሜሪካ አህጉር አርጀንቲና፣ ከኦሺኒያ አውስትራሊያ፣ ከእስያ ቻይና፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ። ስድስት ቦታ ቀረ። ይህ ስድስት እኩል ተከፍሎ ለሁለት ማጣሪያዎች ተሰጠ፤ አንዱ በህንድ ራንቺ፣ ሌላው በስፔን ቫሌንሲያ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024። በእያንዳንዱ ስምንት ቡድኖች ገቡ፣ ከእያንዳንዱ ሦስት አለፉ።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ ኔዘርላንድስን ወይም አርጀንቲናን በማጣሪያ ሜዳ ላይ የማታገኟቸው አስቀድመው ስላለፉ ነው፤ ስለዚህ ማጣሪያው ከላይኛው ረድፍ ቀጥሎ ያሉት ቡድኖች የሚተናነቁበት ነው። ለእኔ ከዋናው ውድድር የሚጥመኝም ለዚሁ ነው፤ ኔዘርላንድስ የገባችበት ውድድር ላይ አሸናፊውን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ሦስት ቦታ ለስምንት ቡድን ማለት ግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት ቡድኖች አንዷ ብቻ ባዶ እጇን ትመለሳለች ማለት ነው። ያቺ አንዷ ማን እንደምትሆን ነው ውድድሩ በሙሉ የሚነግራችሁ።

ደንቡ በየዘመኑ ስለሚለዋወጥ ያለፈውን አትመኑ። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ምድብ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁለት ሁለት ቡድኖች በአንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ተጋጥመው በድምር ውጤት ይለያዩ ነበር። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ የራሱ ቀመር አለው። የዓለም አቀፉ ሆኪ ፌዴሬሽን ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት የማለፊያ ደንቡን ያወጣል፤ አሰልቺ ሰነድ ነው፤ እኔ ግን ከጨዋታዎቹ እኩል እወደዋለሁ።

ድልድሉን አንብቡ፣ ከዚያ መንገዱን በእስክሪብቶ አስምሩ

ስምንት ቡድኖች በሁለት ምድብ ሲከፈሉ አከፋፈሉ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ መሠረት እየተጠማዘዘ ይሄዳል፦ ከስምንቱ አንደኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛና ስምንተኛ የሆኑት በአንድ ምድብ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ በሌላው። በራንቺ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ቺሊና ቼክ ሪፐብሊክ አንድ ላይ ሆኑ፤ ህንድ፣ ኒውዚላንድ፣ አሜሪካና ጣሊያን በሌላው ተደለደሉ። ከየምድቡ ሁለት ያልፋሉ፤ በግማሽ ፍጻሜ የአንዱ ምድብ መሪ ከሌላው ምድብ ሁለተኛ ጋር ትገናኛለች።

ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። «ሁለተኛ ሆኖም ማለፍ ይቻላል» ብለው ይጽናናሉ። ይቻላል፤ ግን ሁለተኛ መሆን የሌላውን ምድብ መሪ ይጠራባችኋል። ህንድን ተመልከቱ። በሜዳዋና በደጋፊዋ ፊት የመጀመሪያውን ጨዋታ በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ከዚያ ኒውዚላንድንና ጣሊያንን አሸንፋ ምድቡን በሁለተኛነት አለፈች። ያ የመጀመሪያው ቀን አንድ ጎል ግን ዋጋ አስከፈላት፤ በግማሽ ፍጻሜ ከጃፓን ጋር የተገናኘችው አሜሪካ ሆነች፣ ህንድ ከስምንቱ ከፍተኛውን የዓለም ደረጃ ከያዘችው ጀርመን ጋር ተፋጠጠች። 2 ለ 2 ተለያይተው በመለያ ምት ጀርመን አለፈች። አሜሪካ በበኩሏ ጃፓንን 2 ለ 1 ረታች።

በማግሥቱ፣ ጃንዋሪ 19፣ ህንድና ጃፓን ለመጨረሻዋ ቦታ ተጋጠሙ። «በማግሥቱ» የሚለውን አስምሩበት። በመለያ ምት የተሸነፈ ቡድን አንድ ሌሊት ብቻ ተኝቶ ነው ወደ ሜዳ የሚመለሰው፤ እግሩ ቢያርፍ እንኳ ጭንቅላቱ አያርፍም። ጃፓን ገና በ6ኛው ደቂቃ ከፔናልቲ ኮርነር፣ ማለትም ተከላካይ ግቡ አካባቢ ስታጠፋ ከሚሰጥ ምት (ዝርዝሩን ወደታች ታገኙታላችሁ)፣ አንድ ጎል አገባች። ህንድ የቀረውን ጊዜ ሁሉ አጠቃች፣ ፔናልቲ ኮርነር በላይ በላዩ አገኘች፣ አንዱንም ጎል አላደረገችም። 1 ለ 0 አለቀ። በቶኪዮ አራተኛ የወጣው ቡድን ከፓሪስ ቀረ። በዚያው ቀን ጀርመን አሜሪካን 2 ለ 0 አሸንፋ የውድድሩ አንደኛ ሆነች፤ ግን ሁለቱም ፓሪስ መግባታቸውን አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ስለዚህ የምድብ ጨዋታ ስታዩ በደብተራችሁ ግራ ጠርዝ ላይ «ይህ ውጤት ቢጸና ግማሽ ፍጻሜ ላይ ማን ከማን?» የምትል አንዲት መስመር ያዙ። ጎል በተቆጠረ ቁጥር አስተካክሏት።

ነጥብ እኩል ሲሆን

አሸናፊ 3 ነጥብ፣ አቻ 1። እኩል ነጥብ ያላቸው ቡድኖች የሚለያዩት መጀመሪያ ባሸነፏቸው ጨዋታዎች ብዛት፣ ቀጥሎ በግብ ልዩነት፣ ቀጥሎ ባስቆጠሩት ጎል ነው፤ እርስ በርስ የተገናኙበት ውጤት የሚታየው ከእነዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ «እኛ እኮ አሸንፈናቸዋል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ሌላው ቡድን ደካማውን ቡድን በሰፊ ጎል ደብድቦት ከሆነ ከላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር ልጨምር። አራት ቡድን ባለበት ምድብ ውስጥ የመጀመሪያው መለያ፣ ማለትም የድል ብዛት፣ ጨርሶ ሥራ የለውም። በሦስት ጨዋታ አንድን የነጥብ መጠን በሁለት መንገድ ማግኘት የሚቻለው 3 ነጥብ ላይ ብቻ ነው፦ አንድ ድልና ሁለት ሽንፈት፣ ወይም ሦስት አቻ። ሦስቱንም አቻ የወጣ ቡድን ካለ ግን ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ጋር አቻ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ከመካከላቸው አቻ የሌለው ቡድን ሊኖር አይችልም። ሞክሩት፤ ለእኔ አንድ ምሽት ሙሉ ደስታ ሰጥቶኛል። በተግባር ሲታይ፣ በአራት ቡድን ምድብ በቀጥታ ወደ ግብ ልዩነት ዝለሉ። 5 ለ 0 እየመራ ያለ ቡድን ለምን አሁንም እንደሚያጠቃ የሚገባችሁም ያኔ ነው።

ስድሳው ደቂቃ

ጨዋታው አራት ሩብ አለው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው፣ እንዲሁም በሦስተኛውና በአራተኛው ሩብ መካከል 2 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ የመሐሉ ዕረፍት 10 ደቂቃ ነው። ሜዳ ላይ 11 ተጫዋቾች አሉ፤ ቅያሪው ገደብ የለውም፣ ጨዋታው ሳይቆም ይገባሉ ይወጣሉ። ጎል የሚጸድቀው አጥቂዋ በግቡ ፊት ባለው ግማሽ ክብ መሰል ክልል ውስጥ ኳሱን ከነካችው ብቻ ነው፤ ከክልሉ ውጭ ተመትቶ ማንም አጥቂ ሳይነካው መረብ የገባ ኳስ ምንም አይደለም። ስለዚህ ኳስ መረብ ሲነካ አትዝለሉ፤ መጀመሪያ የዳኛዋን እጅ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፔናልቲ ኮርነር ያልገባው ሰው ሆኪ አይቷል አልልም። በክልሉ ውስጥ ተከላካይ ጥፋት ስትሠራ፣ ወይም ከክልሉ ውጭ ቢሆንም በ23 ሜትር መስመር ውስጥ ሆን ብላ ስታጠፋ ይሰጣል። ሰዓቱ ለ40 ሰከንድ ይቆማል። ግብ ጠባቂዋና አራት ተከላካዮች ከግቡ መስመር ኋላ ይቆማሉ፤ የቀሩት የቡድን ጓደኞቻቸው በሙሉ ወደ መሐል ሜዳ ማዶ ይባረራሉ። አንዲት አጥቂ ኳሱን ከግቡ ቋሚ 10 ሜትር ርቃ ከመስመሩ ትገፋለች፤ ኳሱ ከክልሉ ሳይወጣ ወደ ጎል መምታት አይቻልም። ክልሉ ጫፍ ላይ አንዷ ታቆማለች፣ ሌላዋ ትመታለች።

ያቺ የምትመታዋ ሁለት ምርጫ አላት። በኃይል ከመታችው የመጀመሪያው ምት ግቡ ላይ ሲደርስ ከ460 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከግቡ ውስጥ ካለው የእንጨት ሰሌዳ ቁመት በላይ መሆን የለበትም። ኳሱን በዱላዋ እየጎተተች ካስፈነጠረችው ግን፣ ድራግ ፍሊክ የሚባለው ነው፣ ወደፈለገችው ከፍታ መላክ ትችላለች። ዓይናችሁን ግን ከመቺዋ ላይ አንሡና ከግቡ መስመር ወጥታ ኳሱ ላይ በቀጥታ የምትሮጠዋን ተከላካይ ተመልከቱ። የፊት መከላከያ አጥልቃ፣ በሙሉ ፍጥነት ወደሚመጣ ኳስ ትሮጣለች። በማጣሪያ ሜዳ ላይ እንደዚህች ሴት የማከብረው ሰው የለም፤ ስሟ ግን በውጤት ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም።

በደብተሩ የምጽፈው ይህን ነው፦ ስንት ፔናልቲ ኮርነር ተገኘ፣ ስንቱ ጎል ሆነ። ፌዴሬሽኑ የሚያወጣው የጨዋታ ዘገባም ጎሎቹን በዓይነት ይለያቸዋል፤ ከጨዋታ እንቅስቃሴ የተገኘ፣ ከፔናልቲ ኮርነር የተገኘ፣ ከፍጹም ቅጣት ምት የተገኘ እያለ። በምድብ ጨዋታ ሁሉንም ጎል ከኮርነር ያገኘ ቡድን አንድ ጥሩ መቺ አለችው ማለት ነው፤ እሷ በተዘጋች ቀን ቡድኑ ይደርቃል። ሩቡ ሊያልቅ ሲል የተሰጠ ኮርነር ሰዓቱ ቢሞላም እስኪያልቅ ይመታልና ፉጨቱን ሰምታችሁ ወጥታችሁ አትሂዱ።

ካርዱን በአጭሩ፦ አረንጓዴ 2 ደቂቃ ያስወጣል፣ ቢጫ ቢያንስ 5፣ ቀይ ጨርሶ። በዚያ ጊዜ ቡድኑ በጎደሎ ይጫወታል፤ ስለዚህ የካርዱን ደቂቃ ጻፉ፣ ቀጥሎ የሚቆጠረውን ጎል ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ታገኙታላችሁ። የቪዲዮ ዳኛ ያለ እንደሆነ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የይግባኝ ዕድል አለው፤ ተጫዋቿ በሁለት እጇ የ«ቲ» ቅርጽ ትሠራለች። ይግባኙ ትክክል ከሆነ ዕድሉ ይቆይላታል፣ ካልሆነ ተቃጠለ። በመጀመሪያው ሩብ ለማይረባ ነገር ይግባኝ ያለ ቡድን በመጨረሻው ሩብ ሲያስፈልገው ዳኛዋን በልመና ዓይን ያያታል። እኔ ይህን ስንፍና እለዋለሁ፤ አብራኝ የምታየው የእኅቴ ልጅ ድፍረት ትለዋለች፤ አልተስማማንም።

በጎል ወደኋላ የቀረ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግብ ጠባቂዋን አስወጥቶ ተጨማሪ አጥቂ ሲያስገባ ታያላችሁ። ግቡ ባዶውን ይቀራል። በተራ የምድብ ጨዋታ ይህን ያደረገ አሠልጣኝ የግብ ልዩነቱን ረስቷል ማለት ነው፤ በሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ ግን 1 ለ 0 መሸነፍና 3 ለ 0 መሸነፍ አንድ ነውና ያላደረገው ነው የሚወቀሰው።

መለያ ምት

የሆኪ መለያ ምት እንደ እግር ኳሱ ከነጥብ ላይ ቆሞ መምታት አይደለም። አጥቂዋ ኳሱን ይዛ ከ23 ሜትር መስመር ትነሣለች፣ ግብ ጠባቂዋ ከግቡ መስመር ትወጣለች፣ 8 ሰከንድ ተሰጥቷታል። ማታለል፣ መዞር፣ ወደኋላ መመለስ ሁሉ ይቻላል፤ ስምንተኛው ሰከንድ ካለፈ ግን አበቃ። በየቡድኑ አምስት አምስት ተጫዋቾች ይሞክራሉ፤ እኩል ከሆኑ አንድ ለአንድ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የምትመለከቱት ግብ ጠባቂዋን ነው። ቶሎ የወደቀች ግብ ጠባቂ ተሸንፋለች። ቆማ አጥቂዋን ወደ ጎን የምትገፋ፣ ሰዓቱን የምትበላ፣ እሷ ናት አዋቂዋ። እ.ኤ.አ. በ2019 በደብሊን አየርላንድና ካናዳ ሁለቱንም ጨዋታ 0 ለ 0 ጨረሱ፤ በ120 ደቂቃ ውስጥ አንድም ጎል የለም። በመለያ ምቱ ካናዳ 3 ለ 1 መራች፤ አንድ እግሯ ቶኪዮ ገብቷል ማለት ይቻል ነበር። አየርላንድ አቻ ሆነች፣ ከዚያም ሮሺን አፕተን አስቆጥራ 4 ለ 3 አሸነፉ። የአየርላንድ ሴቶች ሆኪ ቡድን ወደ ኦሊምፒክ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። 3 ለ 1 ሲሆን የዘጋችሁ ከሆነ ውጤቱን በማግሥቱ ከሰው ነው የሰማችሁት።

ሁለት ጊዜ የሚገናኙበት ማጣሪያ ከገጠማችሁ ደግሞ በደብተሩ ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ አንዱ ለዕለቱ ውጤት፣ አንዱ ለድምሩ። በዚያው ሰሞን በህንዷ ከተማ በቡባነሽዋር ህንድ አሜሪካን በመጀመሪያው ቀን 5 ለ 1 አሸነፈች። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። በሁለተኛው ቀን አሜሪካ በዕረፍት ሰዓት 4 ለ 0 ትመራ ነበር፤ ድምሩ 5 ለ 5። የህንዷ ራኒ ራምፓል በ48ኛው ደቂቃ አንዲት ጎል አገባች፤ ዕለቱን 4 ለ 1 የተሸነፈችው ህንድ በድምር 6 ለ 5 አለፈች። የዕለቱን ውጤት ብቻ የያዘ ሰው የተሸነፈ ቡድን ለምን እንደሚጨፍር ይደናገራል።

ውድድሩ ሲያልቅ ደብተሩን አትጣሉት

ፍጻሜው ቀላል ነው ስል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የዓለም ደረጃ ነጥብ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ የሚሰላው ከእያንዳንዱ ጨዋታ ነው፤ አሸናፊው ከተሸናፊው ላይ ነጥብ ይወስዳል። ያ ነጥብ የሚቀጥለውን ድልድል ይወስናል፤ ስለዚህ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ደረጃ ጨዋታ እንኳ አንድ መስመር ጻፉ።

አራተኛ የወጣውንም ቡድን ስም ክበቡበት። አንዳንዴ ያለፈ ቡድን አይሄድም። ለሪዮ 2016 የደቡብ አፍሪካ ሴቶች የአፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ነበር፤ የአገራቸው ኦሊምፒክ ኮሚቴ ግን በአህጉር ውድድር ማለፍን ብቻውን አልተቀበለውምና ቀሩ፤ ቦታው ለሌላ ቡድን ተሰጠ። ከዚያም አልፎ የሴቶች ሆኪ በኦሊምፒክ የተጀመረበትን እ.ኤ.አ. የ1980 የሞስኮ ውድድር ወርቅ የወሰደችው ዚምባብዌ ናት፤ ብዙ አገሮች በውድድሩ አንሳተፍም ብለው ስለቀሩ በመጨረሻው ሰዓት ተጠርታ የሄደች ቡድን። እንግዲህ የማጣሪያው ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ እስከ መክፈቻው ቀን ድረስ የተጠባባቂዎችን ተራ በየጊዜው ማየት የሥራው አካል ነው፤ እኔ ለዚህ ብዬ በደብተሬ መጨረሻ ሁለት ባዶ ገጽ እተዋለሁ።